የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፦ ስለ ጥድ ዘር አወጣጥ አንድ የግል አስተያየት

በዚህ ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ጽሑፎች ስለ ትልልቅ ጉዳዮች ናቸው፤ ስለ ደን መመናመን፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ፣ ስለ አፈር መሸርሸር። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን በጣም ትንሽ ነገር ነው። መቶ ሺሁ ተሰብስቦ አንድ ኪሎ የማይሞላ ነገር፤ የፓቱላ ጥድ ዘር። በተለይም ዘሩን ከኮኑ፣ ማለትም ከዚያ ቅርፊታም ፍሬ ውስጥ፣ ስለምናወጣበት መንገድ ነው የማወራው።

«ይኼ ደግሞ ምኑ ይጻፍበታል?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ ሦስተኛ ዓመት ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው። ኮኑን ፀሐይ ላይ ታሰጣለህ፣ ይከፈታል፣ ታራግፈዋለህ፣ አለቀ። ፈተና ላይ ሲመጣም በአራት መስመር የሚመለስ ጥያቄ ነው። ለካ ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። ይህን የተማርኩት ከሃንድአውት ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው። ጥፋቱን ለመናዘዝ ብቻ ብዬ ግን አይደለም ብዕር ያነሳሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ስላልሆነና የትምህርት አሰጣጣችንና የዘር አሰባሰባችን ልማድ ውጤት ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር

የተግባር ልምምዳችን አንዱ ክፍል ከፓቱላ ኮን ላይ ዘር ማውጣት ነበር። አምስት ሆነን ተመደብን። ጊዜው ኅዳር ነው። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ኮን ተሰጠን፤ ሲመዘን ወደ ሃምሳ ኪሎ ይሆናል። ሪፖርቱ የሚገባው ከሰኞ እስከ ሰኞ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ሸራ ዘርግተን አሰጣነው። የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን ሰማዩ ጠቆረ፤ በበጋ አጋማሽ ያልተጠበቀ ካፊያ መጣ። ኮኑን ከሸራው ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሸራው ስናመላልስ ሐሙስ ደረሰ። የተከፈተው ከአሥሩ አንዱ አይሆንም። ያልተከፈተውም እርጥብ ነው።

አንዱ ጓደኛችን «ላብ ውስጥ ኦቨን አለ እኮ!» አለ። ሁላችንም እንደ ትልቅ ግኝት ተቀበልነው። ስንት ዲግሪ ላይ እናድርገው የሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን። 80 እንበለው ያልኩት እኔ ነኝ። «ከፍ ባለ ቁጥር ቶሎ ይከፈታል» ብዬ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ተራ በተራ እያደርን ኮኑን በትሪ እያስገባን አወጣነው። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኮኑ ሲከፈት እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ቅርፊቱ እንደ አበባ ፈካ። ዘሩ ጥቁርና ጽኑ፣ ክንፉም ሙሉ ነው። አበጥረን፣ መዝነን፣ ስድስት መቶ ግራም ያህል ንጹሕ ዘር አስረከብን። ሪፖርቱ ላይ የኮኑ ክብደት፣ የዘሩ ክብደት፣ የንጽሕናው መቶኛ ሁሉ በሠንጠረዥ ተቀመጠ። «ኤ» አገኘን።

ይበቅላል ወይ ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

ዘሩ ላብ ውስጥ ከሚቀመጥ ለሰው ይጥቀም ተባለና ከግቢያችን ብዙም ሳይርቅ ለሚገኝ የሴቶች ችግኝ ጣቢያ ተሰጠ። ሴቶቹ ችግኝ እየሸጡ የሚተዳደሩ ናቸው። በታኅሣሥ መጀመሪያ መደብ አዘጋጅተው ዘሩት። ስምንት ሺህ የፕላስቲክ ከረጢትም አፈር ሞልተው፣ ከድሮ የጥድ ተክል ሥር ያመጡትን አፈር ቀላቅለው ደረደሩ። ከሳምንታት በኋላ ለሌላ ሥራ ወደዚያ ብቅ ስል የቡድኑን ሰብሳቢ አገኘኋቸው። መደቡ ላይ ከሣር በስተቀር ምንም የለም። እዚህም እዚያም ተቆጥረው የሚያልቁ ቡቃያዎች ብቻ ይታያሉ።

«እትዬ፣ ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ልጠይቅህ እንጂ» አሉኝ። «ልጄ፣ ይኼ ዘር ተኝቶ ነው ወይስ ሞቶ?»

መልስ አልነበረኝም። ዶርም ገብቼ ካስቀረነው ናሙና ላይ አራት መቶ ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የበቀለው አሥራ አንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ላይ ብቻ ከተከፈቱት ጥቂት ኮኖች የወጣ፣ በሌላ ፖስታ የቀረ ዘር ነበር፤ ያንንም ያንኑ ያህል ሞከርኩት። ከዚያኛው ከግማሽ በላይ በቀለ። ዛፉ አንድ፣ ኮኑ አንድ፣ ልዩነቱ ኦቨኑ ብቻ። ዘሩ ተኝቶ አልነበረም፤ ገድለነው ነው።

ለሴቶቹ ይህን ስነግራቸው ጥር እየተጋመሰ ነበር። ሌላ ዘር ተፈልጎ ተዘርቶ ለዚያ ክረምት የሚደርስ ችግኝ አይሆንም። ከረጢቶቹ ባዶአቸውን ከረሙ። እኛ «ኤ» አለን፤ እነሱ ደግሞ የአንድ ዓመት ገቢ አጡ።

እሳት ያልገደለውን ዘር እንዴት ኦቨን ገደለው?

ፓቱላ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ኮኑ ከተዳቀለ በኋላ ለመብሰል ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከበሰለ በኋላም ወዲያው አይከፈትም፤ ቅርፊቶቹ በሙጫ ተጣብቀው ዛፉ ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ምክንያቱም ፓቱላ እሳት የሚጠብቅ ዛፍ ነው። የደን ቃጠሎ ሲያልፍ ሙጫው ይቀልጣል፣ ኮኑ ይከፈታል፣ ዘሩም ተፎካካሪ በሌለበት አመድ ላይ ይወርዳል። ተፈጥሮ ያበጀችለት ብልሃት ይኼ ነው።

ታዲያ ከቃጠሎ የሚተርፍ ዘር በ80 ዲግሪ እንዴት ይሞታል? እኔም ይኼን ነበር ያልተረዳሁት። እሳት በአንድ ዛፍ ላይ የሚያልፈው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ወፍራሙ ቅርፊትም ለዘሩ እንደ ጋሻ ይሆነዋል፤ ሙቀቱ ውስጥ ሳይደርስ እሳቱ አልፏል። የእኛ ኦቨን ግን ሌሊቱን ሙሉ ነው የሠራው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኮኑ እርጥብ መሆኑ ነው። ደረቅ ዘር ሙቀትን ይችላል፤ እርጥብ ዘር ግን አይችልም። እርጥብ ኮን ዘግተህ ስታሞቀው እንፋሎቱ ውስጡ ይታፈናል፤ ዘሩ አልደረቀም፣ ተቀቀለ። ንፍሮ ዘርተህ ቡቃያ አትጠብቅም። ሴቶቹ የዘሩት ግን ንፍሮ ነበር።

ለዚህ ነው አሠራሩ ሁልጊዜ በሁለት ደረጃ የሚከፈለው። በመጀመሪያ ኮኑ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር፣ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ፣ እየተገላበጠ ለሳምንታት ይቆያል። በዚህ ጊዜ እርጥበቱን ቀስ እያለ ያጣል፤ ውስጥ ያለው ዘርም ብስለቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፀሐይ ወይም ወደ ማድረቂያ ምድጃ የሚገባው። በምድጃም ቢሆን በዝቅተኛ ሙቀት ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል። ለአብዛኞቹ የጥድ ዓይነቶች ማድረቂያው የሚሠራው ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ነው፤ ወደ ላይኛው ጫፍ የሚደረሰውም ኮኑ አስቀድሞ ከደረቀ ብቻ ነው። አየሩም መዘዋወር አለበት፤ የወጣው እንፋሎት ካልሄደ ምድጃ ሳይሆን ድስት ነው የሆነው።

ጥድፊያ ሌላም ጉዳት አለው። እርጥብ ኮን በድንገት ከውጭ ሲደርቅ የላይኛው ቅርፊት ይጠነክርና ውስጡ ሳይደርቅ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ብታሞቀውም ደህና አድርጎ አይከፈትም። ሳይበስል የተለቀመ ኮንም እንደዚሁ ነው። «አልከፈት አለ» ተብሎ እሳቱ የሚጨመርበት ኮን ብዙውን ጊዜ ቀድሞውንም መለቀም ያልነበረበት ነው።

ከተከፈተ በኋላም ያው ጥንቃቄ ይቀጥላል። የፓቱላን ክንፍ ብታዩት ዘሩን እንደ መቆንጠጫ በሁለት ጥፍር ይዞታል። ብዙዎቻችን ዘሩን በጆንያ ከተን በእግርም በእጅም እናሸዋለን፤ የዘሩ ሽፋን ይሰነጠቃል። ትንሽ ውሃ ቢረጭበት ግን መቆንጠጫው በራሱ ይለቃል። ከዚያ ቶሎ መልሶ ማድረቅና በሰፌድ ማበጠር ነው። ይኼን ደግሞ ከእናቶቻችን በላይ የሚያውቀው የለም። ገለባውን ከምርቱ፣ ባዶውን ከሙሉው መለየት እኮ ድሮም የአውድማና የሰፌድ ሥራ ነው። በመጨረሻም የዘሩ እርጥበት ከመቶ ስድስት እስከ ስምንት እጅ እንዲሆን አድርቆ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በዚህ መልክ የተያዘ የጥድ ዘር ለዓመታት ይቆያል።

ልብ በሉ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውድ መሣሪያ የሚፈልግ እምብዛም የለም። ሁሉም የሚፈልገው ጊዜ ነው።

«በማዳበሪያ ነው የምትከፍሉኝ»

የዘሩ ችግር ግን ምድጃው ላይ ብቻ አይጀምርም። ይህን ያስተማሩኝ ኮን በመልቀም የሚተዳደሩ አንድ ጎልማሳ ናቸው። ከዚያ ውርደት በኋላ አንድ ቀን አብሬያቸው ወጣሁ። የዚያን ቀን የሚለቅሙት የፈረንጅ ጥድ ነበር። ቀጥ ብሎ የወጣውን፣ ግንዱ የሚያምረውን የተከላ ዛፍ አልፈው አንድ የግቢ አጥር ሥር ቆሙ። ዝቅተኛ፣ ቅርንጫፈ ብዙ፣ ተከርክሞ ተከርክሞ የተጣመመ ጥድ። ኮኑ ግን እንደ ጉድ ነው፤ በእጅ ይደረሳል።

«ጋሼ፣ ያኛው ዛፍ አይሻልም?» አልኳቸው።

«ይሻላል እንጂ» አሉኝ ሳይደብቁ። «ግን እዚያ ላይ ለመውጣት ግማሽ ቀን ነው። ገመድ የለኝ፣ ቀበቶ የለኝ። ብወድቅ ልጆቼን ማን ያበላል? ደግሞ እናንተ በማዳበሪያ ነው የምትከፍሉኝ፤ በዛፉ ቁመት አይደል።»

ምን ይባላል? ትክክል ናቸው። እኛ ክብደት ገዛን፣ እሳቸው ክብደት ሸጡልን።

አባቶቻችን ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ። ተረቱ ስለ ሰው ቢሆንም ለዛፍም ይሠራል። በእርግጥ የአጥሩ ጥድ የተጣመመው ስለ ተከረከመ ነው፤ መከርከም ወደ ዘር አይተላለፍም። ነገር ግን አጥር ውስጥ የቆመው ዛፍ በባሕርዩ ቀጥ ያለ ይሁን ጠማማ፣ ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም በላይ ለብቻው ወይም ከጥቂት ዘመዶቹ ጋር የቆመ ጥድ በራሱ ብናኝ ይዳቀላል። ከራስ ጋር መዳቀል ደግሞ ባዶ ዘርን ያበዛል፤ የበቀለውም ደካማ ይሆናል። ለዚህ ነው ዘር ቢያንስ ከሃያ አምስትና ከሠላሳ እናት ዛፎች፣ ያውም ተራርቀው ከቆሙ፣ መሰብሰብ አለበት የሚባለው።

ስለ ፈረንጅ ጥድ ካነሳን አይቀር፣ የሳይንሳዊ ስሙ ሁለተኛ ክፍል «ሉሲታኒካ» ነው፤ የፖርቱጋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1768 ስሙን ያወጣለት ሚለር ፖርቱጋል ውስጥ ከበቀሉ ዛፎች ተነስቶ ነበር። ዛፉ ግን የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ ነው። እንግዲህ ዘሩ ከየት እንደ መጣ ሳይጠየቅ ሲቀር ስህተቱ ስም ሆኖ ከ250 ዓመት በላይ እንደሚቆይ ከዚህ ማየት ይቻላል። ስም ቢሳሳት ጉዳት የለውም። ሄክታር ሙሉ ደን በተሳሳተ ዘር ቢተከል ግን ስህተቱ የሚታወቀው ከአሥራ አምስትና ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በቆሎ ቢከፋብህ በሚቀጥለው ዓመት ዘር ትቀይራለህ። ዛፍ ላይ ግን አንድ ሰው በሥራ ዘመኑ ስህተቱን የማረም ዕድል የሚያገኘው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው።

«ዘር ርካሽ ነው፤ ብዙ ዝራ» ለሚሉ

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ ሦስት ዓይነት መልስ አግኝቻለሁ። ሦስቱንም ማክበር ስላለብኝ አንድ በአንድ ልመልስ።

የመጀመሪያው «ዘር ርካሽ ነው፤ ግማሹ ባይበቅል እጥፍ ትዘራለህ» የሚል ነው። ግማሹ ቢሆን እኔም እስማማለሁ፤ የፈረንጅ ጥድ ዘር እንኳን በደህና ቀኑ ከግማሽ በታች የሚበቅልበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ ግን ስንት እጅ እንደሚበቅል ሳታውቅ እጥፍ ልዝራ ወይስ አሥር እጥፍ ማለት አትችልም። የእኛ ዘር ከመቶ ሦስት ያህል ነው የበቀለው። ሴቶቹ ይህን ቢያውቁ ኖሮ አይቀበሉንም ነበር። ደግሞም ርካሹ ዘሩ ነው እንጂ ሌላው አይደለም። አፈሩ፣ ከረጢቱ፣ ውሃው፣ የሰው ጉልበት፣ ከሁሉም በላይ የማይመለሰው ወቅት ርካሽ አይደለም።

ሁለተኛው «አሁን ዘመኑ የአገር በቀል ዛፍ ነው፤ ስለ ፈረንጅ ዛፍ ምን አስጨነቀህ?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአገር በቀል ዛፍ መብዛት እኔም ምኞቴ ነው። ግን የሐበሻ ጥድን ውሰዱ። ወንዱና ሴቷ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ናቸው፤ ወንድ ዛፍ በሌለበት አካባቢ ከሴቷ ብቻ ብትለቅም ፍሬው ሙሉ መስሎ ዘሩ ባዶ ይሆናል። ኮኑ ሥጋማ ስለሆነም በፀሐይ አይከፈትም፤ ታሽቶና ታጥቦ ነው ዘሩ የሚወጣው። ጥሩ ጥሩዎቹ እናት ዛፎችም ብዙ ቦታ የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። እንግዲህ የፓቱላን ዘር በአግባቡ ማውጣት ያቃተን ሰዎች የዝግባና የሐበሻ ጥድ ሲመጣ እንዴት ልንሆን ነው? ለአገር በቀሉ ጥንቃቄው ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

ሦስተኛው «በጀት የለም» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እበሳጫለሁ። ዘር ውስጡ ሙሉ ይሁን ባዶ ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ምላጭ ነው። ሃምሳ ፍሬ ቆርጠህ ነጭና ጽኑ ሥጋ ያለውን፣ ባዶውንና የደረቀውን ትቆጥራለህ። እኛ ላይ የደረሰውን ዓይነት ሞት ምላጭ ሁልጊዜ አያሳይም፤ በሙቀት የሞተ ዘር ሲቆረጥ ደህና ሊመስል ይችላል። ለዚያ ደግሞ ሳህን፣ ወረቀት፣ ውሃና ሦስት ሳምንት ይበቃል። ይኼ በጀት አይደለም፤ ልማድ ነው።

በአገር ደረጃ የችግኝ ተከላ ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተተከለው ቁጥር፣ የጸደቀው መቶኛ ሲነገር እንሰማለን። ጥሩ ነው። እኔ የምለው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች በፊት ሦስተኛ ጥያቄ አለ ነው፤ ዘሩ ከየትኛው ዛፍ መጣ፣ እንዴትስ ወጣ? ይህን ጥያቄ ሌላ ማንም ባይጠይቅ እኛ የደን ተማሪዎች መጠየቅ አለብን። እኛ ካልጠየቅን ማን ሊጠይቅ ነው?

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ነቅፎ ዝም ማለት ቀላል ስለሆነ የበኩሌን አራት ነጥቦች ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የዘር አወጣጥ ልምምድ በአንድ ሳምንት መሰጠቱ ይቅር። ኮኑ በጥላ የሚቆይበትን፣ የሚከፈትበትንና የሚሞከርበትን ጊዜ ጨምሮ ቢያንስ ለስምንት ሳምንት፣ ከሌላ ትምህርት ጎን ለጎን ይሁን። ተማሪው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ቢያይ ይበቃዋል። እኛን ወደ ኦቨን የነዳን ስንፍና ብቻ አልነበረም፤ የሪፖርቱ ቀንም ነበር።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ የሚሰጠው በበቀለው ይሁን። ስድስት መቶ ግራም ያስረከበ ሳይሆን፣ ሁለት መቶ ግራምም ይሁን የሚበቅል ዘር ያስረከበ ነው «ኤ» ሊያገኝ የሚገባው። ለክብደት ነጥብ ከሰጣችሁን ክብደት እናመጣላችኋለን፤ እንደ ለቃሚው።

ሦስተኛ፣ ለለቃሚዎች የሚከፈለው በማዳበሪያ መሆኑ ይቅርና በቀን ይሁን። ዛፎቹን እኛ መርጠን በቀለም ምልክት እናድርግባቸው። ገመድና የመውጫ ቀበቶ ሳይሰጥ ማንም ሰው ዛፍ ላይ አይውጣ። አንድ ማዳበሪያ ኮን የሰው አጥንት አያህልም።

አራተኛ፣ ከዲፓርትመንታችን የሚወጣ ማንኛውም ዘር ፖስታው ውስጥ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይኑረው። ከየት ተለቀመ፣ ከስንት ዛፍ፣ መቼ፣ እንዴት ደረቀ፣ ከመቶ ስንት በቀለ፣ የሠራውስ ማን ነው። ስም ይኑርበት። የእኛ ፖስታ ላይ የተጻፈው «ፓቱላ» የሚል ብቻ ነበር። ስማችን ቢኖርበት ኖሮ ከማስረከባችን በፊት ሁለቴ እናስብ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መደምደሚያ

ዘንድሮ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን እንደ ገና ሞከርን። ይህ ጊዜ ማንም አላዘዘንም፤ ነጥብም የለውም። ከመረጥናቸው ዛፎች ትንሽ ኮን ተለቀመልን። በጥላ አቆየነው፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ አንጥፈን፣ ቴርሞሜትር አስቀምጠን ከፈትነው። ዘሩ የአምናውን ሩብ አይሞላም። ከአራት መቶው ግን 288 በቀለ።

የወጣውን ዘር ይዤ እዚያው ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። ስሄድ እግሬ ይከብደኝ ነበር። ሰብሳቢዋ ፖስታውን ከፍተው ወረቀቱን አወጡና አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው የሚለው?» አሉኝ።

«ከመቶ ሰባ ሁለት ይበቅላል ይላል እትዬ። የእኔም ስም አለበት። ካልበቀለ የት እንደምታገኙኝ ታውቃላችሁ።»

ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ አስገቡት። «እሺ ልጄ» አሉ፤ «ወረቀቱንም አስቀምጠዋለሁ። የማምንህ ግን ሲበቅል ነው።»

እኔም ከዚህ የተሻለ የፈተና ጥያቄ አላውቅም። መምህራኖቻችንም ይህንኑ ቢጠይቁን ምኞቴ ነው። አስተያየቴን የምትቃወሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ላይ ጻፉ፤ እከራከራለሁ፣ ከተሳሳትኩም እታረማለሁ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።